ቆጠራ ያለ ነገራ፦ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ምን ሠርቶ ይማር?

ደብረ ኤልያስ ላይ ቆሞ ስለ ትምህርት መናገር ያስፈራል። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይህ ነው። እዚህ አገር ውስጥ ቃል አሳክቶ መናገር የማያውቅ ሰው ቶሎ ይታወቃል። ስለዚህ ስሳሳት እንድታርሙኝ ከወዲሁ እለምናለሁ፤ የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው መታረም ነው።

የተጠራሁት በየትምህርት ቤቱ «ፕሮጀክትን መሠረት ያደረገ ትምህርት» ስለሚባለው ነገር እንድናገር ነው፤ በተለይም በ7ኛና በ8ኛ ክፍል አማርኛ፣ ዜግነትና እኛ መምህራን በአጭሩ «ሶሻል» የምንለውን የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ለሚያስተምሩ። ልጅ ሠርቶ ይማር የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። ዛሬ በብዙ ክፍሎች የሚደረገው ግን የነገሩ ግማሽ ነው። የጎደለው ግማሽ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በቅኔ ቤቱ ውስጥ፣ በየማታው ሲሠራበት ኖሯል። ዓላማዬ ይህን ማሳየት ነው። መጀመሪያ ስለ ቅኔ ቤቱ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን አንድ ሥራ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የሆነውን ነገር ይዘን ልጆች ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ በሰፊው አያለሁ። ስለ ፈተናና ስለ ጊዜ የሚነሣውንም ጥያቄ አልሸሽም።

ፕሮጀክት የሚለው ቃል በትምህርት ሰዎች ዘንድ የገነነው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዊሊያም ሄርድ ኪልፓትሪክ «የፕሮጀክት ዘዴ» የሚል ጽሑፍ አሳተመ። የጆን ዱዊ ተማሪ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ልጅ የሚማረው ከልቡ ይዞት በሚሠራው ሥራ ነው የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ወደኛው ልመለስ።

የኔታዎች ባሉበት ስለ ቅኔ ቤት መናገሬን ይቅር በሉኝ፤ እዚህ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ አያውቁትምና ነው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ግስ ይይዛል፣ አገባብ ይማራል። ይህ ረጅምና አድካሚ ነው። ከዚያ ግን፣ ገና ጀማሪ ሳለ፣ ከእርሱ የሚጠበቀው የትላንቱን መድገም አይደለም። በየቀኑ አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት። ትምህርቱ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ሲሄድ አምስት ቤት ያለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ያለው ሥላሴ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ማኅሌት ላይ ትላንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ቢደገም ነውር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዓለም ላይ ጀማሪ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ድርሰት እንዲፈጥር የሚያስገድድ ስንት ትምህርት ቤት ይገኛል? ከጎንጅ፣ ከዋሸራና ከዋድላ የወረደው የቅኔ ትምህርት ይህን ሲያደርግ የኖረው ኪልፓትሪክ ሳይወለድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተማሪው ደበሎውን ይለብስና ከጓደኞቹ ይነጠላል። ከዛፍ ሥር ወይም ከካቡ ጥግ ይቀመጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ይህ ቆጠራ ነው። ሲመሽ ደግሞ ወደ የኔታ ጎጆ ይገባል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል፤ የተኙ ይመስላሉ። ተማሪው የቆጠረውን ይናገራል። አንዱ ቃል ከቦታው ሲሳሳት የኔታ «እ?» ይላሉ፤ ሌላ ምንም አይሉም። ተማሪው ያቆማል። ያልተሳካው ሰሙ ይሁን ወርቁ፣ ሙያው ይሁን አገባቡ ራሱ ይፈልጋል። ካላገኘው ይነገረዋል፤ ቤቱን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ይህ ነገራ ነው። ጀማሪዎቹ ብዙ ሲሆኑ የኔታ ሁሉንም ሊሰሙ ስለማይችሉ፣ ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይሰማል፣ ያርማል። የአስነጋሪውን ደግሞ የኔታ ይሰማሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ግስ ያልያዘ ልጅ «ፈጥረህ አምጣ» አይባልም፤ መፍጠር ከማወቅ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ያለ ነገራ ቆጠራ የለም። ማንም ልጅ ቅኔውን ጽፎ አስረክቦ አይሄድም። በአፉ፣ በራሱ ድምፅ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት ይናገራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ እንደሆነ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቅበታል።

አሁን ወደ ራሴ ክፍል ልውሰዳችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል አስተምር ነበር። «የአካባቢያችሁን ታሪክ አጥንታችሁ አምጡ» ብዬ ለ10 ቡድኖች ፕሮጀክት ሰጠሁ፤ ሦስት ሳምንትም ቆረጥኩላቸው። በቀኑ 10 ጥራዝ ጠረጴዛዬ ላይ ተደረደረ፤ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ባለቀለም ሽፋን ያለው። ደስ አለኝ። ማታ ቤቴ ወስጄ ሳነብ ግን በሦስቱ ጥራዞች ውስጥ አንድ አንቀጽ ሳይለወጥ አገኘሁ፤ የፊደል ስሕተቱ እንኳ ያው ነው። በማግስቱ ጎበዝ የምለውን አንድ ልጅ ጠርቼ «ስለ ቀበሌያችሁ ገበያ የጻፍከውን እስቲ ንገረኝ» አልኩት። አቀረቀረ። ቆይቶ «ቲቸር፣ እኔ ያዋጣሁት ብር ነው» አለኝ።

ያንን ልጅ አልተቆጣሁትም። ያዘዝኩት ጥራዝ ነበር፣ ያመጣልኝም ጥራዝ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝተው አመጡ። በሌላው ቡድን ደግሞ አንዲት የቡድን መሪ ብቻዋን ሦስት ሌሊት ጽፋ፣ አምስቱም እኩል ማርክ አግኝተዋል። አንድ ለአምስት ብለን ያደራጀነው ቡድን አንዷ የምትሠራበት፣ አራቱ የሚፈርሙበት ሆነ። የጎደለው ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቆጠራውን ሰጠኋቸው እንጂ ነገራውን አልሰጠኋቸውም። በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ አንድም ቀን «እስከ ዛሬ የደረስክበትን ንገረኝ» ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ጋ የደረሰው ያለቀው ብቻ ነው፤ ያለቀ ነገር ደግሞ አይታረምም፣ ማርክ ብቻ ይሰጠዋል።

ዛሬ ስለ ፕሮጀክት የምንነጋገር መምህራን ስለ አርእስት አመራረጥ፣ ስለ ቡድን አመሠራረት፣ ስለ ማርክ አከፋፈል ብዙ እንላለን። ልጁ ምን ቀን፣ በማን ፊት፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚናገር ግን በዕቅዳችን ላይ አንጽፈውም። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት የምጽፈው እርሱን ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ምሳሌ። ለምሥራቅ ጎጃም ልጆች የሚሆን፣ የአማርኛና የሶሻል መምህር አብረው ሊይዙት የሚችሉት አንድ ርዕስ ምረጥ ብባል የ1960ውን የግብር ነገር እመርጣለሁ። በ1960 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። በሌላው አገር ያን ያህል ያላስቆጣ ነገር በጎጃም ግን እሳት አስነሣ። የጎጃም ገበሬ ርስቱን ከአያት ከቅድመ አያት የተረከበ ነበር። ገቢ ሊገመት ነው ሲባል «መሬቱ ሊለካ ነው፤ ከተለካም የመለኪያው ገመድ ቀላድ ይጣልበትና ርስታችን ይሄዳል» የሚል ፍርሃት ገባው። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ግምት አናስገምትም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አዘመተ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ አዲሱም ግብር እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ አመፅ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከወትሮው በላይ መማለጃና መተያያ ሲጠይቁ ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ፤ ፊታውራሪም ሊቀጡ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ ይወድቃሉ። የአማርኛው መምህር ይህን ክፍል ያስነብብ። የሶሻሉ መምህር ግብር ምን እንደሆነ፣ ርስትና ጉልት በምን እንደሚለያዩ፣ ቀላድ ምን እንደነበር ያስተምር። ይህ ግሱ ነው። ልጆቹ ይህን ሳይዙ ወደ ሽማግሌ ቤት ቢሄዱ የሚጠይቁትን አያውቁም፤ የሚነገራቸውም አይገባቸውም።

ከዚያ ነው ቆጠራው፤ ልጆቹ ሄደው ሽማግሌ ይጠይቃሉ። በ1960 ዓ.ም. የ15 ዓመት እረኛ የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመትን አልፏል። ይህን ስናገር እዚህ ፊት ለፊቴ ነጭ ነጠላ ለብሳችሁ የተቀመጣችሁትን እያየሁ ነው። እናንተ ያያችሁትን ከእናንተ በኋላ ማንም አያየውም። ይህ ሥራ ለሌላ ዘመን የማይቆየውም ለዚህ ነው።

አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሠራችውን በቅርብ አይቼዋለሁ። ሁለት ሽማግሌዎችን ጠይቃለች፤ አንደኛው የአያቷ ወንድም፣ ሌላው የጎረቤት ሰው። የአያቷ ወንድም «ለኪዎቹ መጡ፣ ገመድ ይዘው መጡ» አሉ። ጎረቤቱ ደግሞ «እኛ ዘንድ ማንም አልመጣም፤ መጡ ሲባል ነው የሰማነው» አሉ። ልጅቷ ግራ ገባት። ደብተሯን ይዛ መጥታ «የቱን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀች። መምህሯ አልነገራትም። «ሂጂና አንድ ጥያቄ ጨምሪ» አላት። «የአያትሽን ወንድም፣ ገመዱን በዓይናቸው አይተው እንደሆነ ጠይቂ።»

ሄደች። አዛውንቱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ አላየሁም፤ አባቴ አይቶ ነገረኝ» አሏት።

ይህን መጥታ ለክፍሉ በተናገረች ቀን ክፍሉ የተማረውን እኔ በ10 ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላስተምረውም። መምህሯ ልጆቹን ሁሉ በየዓረፍተ ነገራቸው ዳር «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ይባላል» ብለው ምልክት እንዲያደርጉ አዘዛቸው። የታየው ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ የተወራው ብዙ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «እንግዲያው የተወራውን እንተወው» አለ። ልጅቷ መለሰችለት፦ ሰዎቹ የሸፈቱት በወሬው ነዋ! መሬታቸው ገና ሳይለካ ይለካል ብለው ነው፤ ወሬውን ከተውነው ለምን እንደተነሡ አናውቅም። የታሪክ ባለሙያ የሚደርስበት ቦታ ላይ የ14 ዓመት ልጅ በራሷ እግር ደረሰች። የደረሰችውም ስለተጠየቀች ነው፤ ጥራዝ አስረክባ ብትሄድ ኖሮ አንዱን መርጣ ትጽፍ ነበር።

ይህን መለያየት እኛ ከውጭ የምንዋሰው አይደለም። በአገራችን ሙግት ላይ «አየሁ» ባይና «ሰማሁ» ባይ ምስክር እኩል አይመዘኑም። አባቶቻችን ዳኛ ፊት ቆመው በላ ልበልሃ ሲባባሉ ምስክር መመርመር ያውቁ ነበር። የእኛ ልጆች ይህን ችሎታ ከመንገድ ዳር ዛፍ ሥር ከሚቀመጡ ሽማግሌዎች ይሰሙታል፤ ክፍል ሲገቡ ግን «አመፁ የተነሣበትን ምክንያት ጥቀስ» ብቻ እንላቸዋለን።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከቤት እንደዋለ እናንተው ታውቃላችሁ። ልጅን ደብተር አስይዞ ስለ ዛሬው ነገር ሰው እንዲጠይቅ መላክ ልጁንም የሚመልስለትንም ሰው አደጋ ላይ መጣል ነው፤ ይህን ማንም መምህር አያድርግ። የ1960ውም ቢሆን የሽማግሌው ፈቃድ ሳይኖር ስማቸው አይጻፍ። በአካባቢው የአመፁ ነገር ይከብዳል ከተባለ ሌላ ርዕስ ሞልቷል፦ የቅዳሜ ገበያው ማን ምን እያመጣ እንደሚቆም፣ ምንጩ በተራ የሚቀዳው በምን ደንብ እንደሆነ፣ ሴቶች በዕቁብና በጽዋ ማኅበር ገንዘብ እንዴት እንደሚይዙ። ሆኖም ከረጅም መቋረጥ በኋላ ወደ ክፍል የተመለሰ የ14 ዓመት ልጅ፣ ቤቱ እርሻ የሚጠብቀው፣ «ለምን ልቀመጥ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የገዛ ቀበሌው ነገር በእርሱ እጅ እንደሚጻፍ ማወቁ አንድ መልስ ይሆነዋል ብዬ አምናለሁ።

የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ይመስሉኛል፤ ሁለቱን ባጭሩ አልፋለሁ። «በክፍላችን 60 ተማሪ አለ፤ ሁሉንም እንዴት እንሰማለን?» የሚል መምህር አለ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ልጅ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገር 10 ደቂቃ ነው፤ 30 ደቂቃ ይቀራል። በ12 ክፍለ ጊዜ 60ው ያልቃል፤ በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቢኖር አራት ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አስነጋሪ አለ፤ ጎበዞቹን ለጓደኞቻቸው እንዲጽፉ ሳይሆን እንዲሰሟቸው እናሰልጥናቸው። የቡድን መሪ ሥራ ይህ ቢሆን ሌሊት ብቻዋን የምትጽፈዋ ልጅ ታርፋለች።

«የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ፕሮጀክት ጊዜ ያባክናል» የሚለው ጥያቄ እውነት አለበት። እኔም በየምዕራፉ ፕሮጀክት ይሰጥ አልልም። በዓመት አንድ፣ በደንብ የተነገረ፣ ይበቃል። የቀረው ጊዜ ለግሱ ይሁን፦ ለካርታ፣ ለዘመን አቆጣጠር፣ ለንባብ፣ ለቃላት።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ይህ የከተማ ትምህርት ቤት ነገር ነው፤ እኛ ኮምፒውተር የለን፣ ማተሚያ የለን» ትላላችሁ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተማሩ፣ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንድ ተማሪዎች መጥተው የሚማሩባቸው የቅኔ መምህር ሆኑ። ትምህርቱ ቃልና ጆሮ ስለነበረ ማየት አለመቻላቸው ከበር አላስቀራቸውም። ክፍላችን ውስጥ የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ፣ ነገር ግን አያቱ የነገሩትን አንድ ቃል ሳይስት የሚደግም ልጅ አለ። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ማታ ላምባ የሌላት፣ ግን እናቷ ምጣድ ላይ እያለች ጠይቃ የምትመጣ ልጅ አለች። ጥራዝ ስንጠይቃቸው የሚያሸንፈው ብር ያለው ነው። ንገሩን ስንላቸው ሁሉም ይዞት የሚመጣው ነገር አለው። ነገራ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጋደም ብሎም ቢሆን ጆሮውን የሰጠ መምህር ነው።

ስለዚያች ልጅ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ጽሑፏን ስትጨርስ ወደ አያቷ ወንድም ተመልሳ አነበበችላቸው። አዛውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አንድ ቦታ አስቆሟት። «ሸፈተ» ብላ የጻፈችውን ነው። «አባቴ አልሸፈተም፤ አቤት ብሎ ነው ያልተሰማው፤ እንደዚያ ጻፊ» አሏት። እርሷም ሁለቱንም ጻፈች፦ እርሷ ያለችውንና አዛውንቱ ያሉትን፤ ከዳሩ «ሰማሁ» የሚል ምልክት አድርጋ።

የዚህ ከተማ ትምህርት ቤቶች በሚመጣው መንፈቀ ዓመት ይህን ሥራ ሊጀምሩ እንዳሰቡ መምህራኑ ነግረውኛል። በ1960 ዓ.ም. ነፍስ ያወቃችሁ አባቶችና እናቶች ሁሉ፣ ስትወጡ በሩ ላይ ደብተር ይዘው ለተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ስማችሁንና የምትገኙበትን ቀን አስመዝግቡላቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚመቻችሁ ከሆነ እርሱንም ንገሯቸው፤ ልጆቹ በር ላይ ይጠብቋችኋል።